ኸምር ሳይሆን ኸሚር፦ ከመዝሩዒያ ኩሽና እስከ አገር ቤት ምጣድ

እህቴ፣ ይህን የምታነቢው ሳህኑን አጥበሽ፣ ኩሽናውን ወልውለሽ፣ ስልክሽን ይዘሽ ጋደም ስትዪ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ስታበስዪ ለዋልሽው ሴት ደግሞ ስለ ምግብ አንብቢ ማለቴን ይቅርታ አድርጊልኝ። የዛሬው ወሬ ግን ለማዳም ስለሚበስለው ብቻ አይደለም። አንቺ ራስሽ ስለምትናፍቂው እንጀራ፣ ስለ ድፎ ዳቦው፣ ስለ ሽሮው፣ ደግሞም ከዚህ ተምረሽ ወደ አገር ቤት ስለምትወስጂው ሙያ ነው። መጀመሪያ ግን አንድ ታሪክ ልንገርሽ።

ነገሩ የሆነው እዚህ ደማም፣ አል መዝሩዒያ ሰፈር ውስጥ ነው። «መዝሩዕ» በዐረብኛ «የተዘራ» ማለት ነው፤ ሥሩ ከኛው «ዘራ» ጋር አንድ ነው። አንድ ሐሙስ ማታ ስልክ ተደወለልኝ። ሥራዬ ማስተርጎም ስለሆነ በዚያ ሰዓት ሲደወል ደህና ነገር እንደማይሆን አውቃለሁ። ደዋይዋ ሳዑዲ ሴት ናት። «ሠራተኛዬ ቤቴ ውስጥ መጠጥ እየጠመቀች ነው። እኔ አልገመትኩም፣ በገዛ አፏ ነግራኛለች። ነገ ወደ መክተብ እመልሳታለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን በቋንቋዋ ጠይቂልኝ» አለችኝ።

ስደርስ ልጅቷ ኩሽናው ጥግ ቆማ ታለቅሳለች። ከኮምቦልቻ አካባቢ የመጣች የወሎ ልጅ ናት፤ እዚህ ቤት ከገባች ስምንት ወሯ ነው። ወለሉ ላይ ክዳኑ የተነሳ ነጭ ባልዲ አለ። ውስጡ ያለው ነገር አረፋ ደፍቆ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ማዳም አፍንጫዋን በሻሽዋ ጫፍ ይዛለች። እኔን ግን ሽታው ሲመታኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ የእናቴ ማድቤት ሽታ ነው። የቦካ የእንጀራ ሊጥ።

«ምን ብለሽ ነው የነገርሻት?» አልኳት።

«እቴ፣ ምን እላለሁ! ይሄ ምንድን ነው ስትለኝ ኸምር አልኳት። እርሾ ማለት አይደል እንዴ?»

አይደለም እህቴ። እርሾ በዐረብኛ «ኸሚራ» ነው። የቦካ ሊጥ «ዐጂን ኸሚር» ይባላል። «ኸምር» ግን የሚያሰክር መጠጥ ነው። ሦስቱም ቃላት የወጡት ከአንድ ሥር ስለሆነ ለጆሮ ይቀራረባሉ፤ ልዩነታቸው አንዲት «ኢ» ናት። በዚህ አገር ግን መጠጥ መጥመቅ ቀልድ የለውም፤ እስር አለው፣ ከአገር መባረር አለው። ልጅቷ አንዲት ድምፅ ስለጎደለቻት የስምንት ወር ልፋቷን፣ ቤተሰቧ የሚጠብቀውን ደመወዝ፣ ስሟንም ልታጣ ነበር።

ለማዳም አስረዳኋት። አላመነችኝም፤ የአገሬን ልጅ እያዳንኩ መሰላት። በዚህ መሀል እናቷ ምርኩዛቸውን ይዘው ገቡ። ትውልዳቸው አል አሕሳ የሆነ፣ ዕድሜያቸው የገፋ እናት ናቸው። «ኻላ፣ ይህ ሊጥ ነው» አልኳቸው። ጎንበስ ብለው አሸተቱ፤ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ። «ለሑሕ ነው» አሉ። ልጅ ሳሉ የመናዊት ጎረቤታቸው ትጋግረው እንደነበር ለልጃቸው ነገሯት። ለሑሕ የመን፣ ሶማሊያና በሳዑዲ ደቡብ ጂዛን አካባቢ የሚጋገር፣ እንደኛ እንጀራ ዓይናማና ለስላሳ የሆነ የቦካ ቂጣ ነው።

«ትጋግረውና እንየው» አሉ። ልጅቷ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ እጇ እየተንቀጠቀጠ መጥበሻ ጣደች። የመጀመሪያው ተጣበቀ፤ እሱስ ያው ማሟሻ ነው። ሁለተኛው ዓይን አወጣ። አሮጊቷ ግማሹን በሉ። ማዳም ቁራሽ ቀምሳ «ይኮመጥጣል» አለችና አስቀመጠችው። የመክተቡ ነገር ግን ከዚያ በኋላ አልተነሳም። ልጅቷ በሳምንት አንዴ፣ ክዳን ባለው ባልዲ፣ ሰገነት ላይ ልብስ በሚታጠብበት ክፍል ውስጥ እንድታቦካ ተስማሙ።

እህቴ፣ ሁሉም ቤት እንዲህ አይጨርስም። አስተዋይ አሮጊት የሌለበት ቤትም አለ። ስለዚህ ዛሬ የማካፍልሽ የምግቦቹን አሠራር ከነቃሉ ነው፤ የምታውቂው ምግብ በማታውቂው ቃል ምክንያት ጠላት እንዳይሆንብሽ።

ከማቡካትሽ በፊት ተናገሪ

የሚቦካ ነገር ሁሉ ይሸታል፣ ይገነፍላል፣ ያስጠረጥራል። ባልዲው አልጋሽ ሥር ከተገኘ በኋላ ከማስረዳት ይልቅ ዱቄቱን ሳትበጠብጪ መናገር ይሻላል። እንዲህ በዪ፦

«ኣብጋ አሰዊ ኹብዝ ሐበሺ፣ ምስል አል-ለሑሕ።» (የሐበሻ ዳቦ ልሠራ ነው፣ እንደ ለሑሕ ያለ።)

«ሃዛ ዐጂን፣ ፊህ ኸሚራ።» (ይህ ሊጥ ነው፣ እርሾ አለበት።)

«ዐጂን» የሚለው ቃል ይቅደም። ሊጥ መሆኑ ከታወቀ የቀረው ቀላል ነው። ባልዲው የሚታይበት ቦታ ይቀመጥ፤ ማዳምም ስትጋግሪ ትይ። ተደብቆ የተሠራ ነገር እንጀራም ቢሆን ያስፈራል።

የኦርቶዶክስ ጾም የምትጾሚ ከሆነ ደግሞ ሌላ ግራ መጋባት አለ። «ኣና ሳይማ» ስትዪ እነሱ የሚገባቸው እስከ መግሪብ እህልም ውሃም የማይቀምስ ሰው ነው። ከሰዓት ምስር ስትበዪ ሲያዩሽ ውሸታም ትመስያቸዋለሽ። ይልቅ «አል-ዮም ማ ኣኩል ለሕም ወላ ሐሊብ» በዪ፤ ዛሬ ሥጋም ወተትም አልበላም ማለት ነው።

እንጀራ ያለ ጤፍ

ጤፍ እዚህ ሲገኝም ዋጋው ይከብዳል። እንጀራ ግን በጤፍ ብቻ አይጋገርም፤ አገር ቤትም በማሽላ፣ በዳጉሳ፣ በገብስና በሩዝ የሚጋግር ብዙ ነው። ምስጢሩ የት እንደሚገዛ ማወቅ ነው። በዐረብኛ «ዙራ» ብለሽ ብትጠይቂ በቆሎ ሊሰጡሽ ይችላሉ። የሕንድ ዕቃ የሚሸጥበት ባቃላ ሂጂና «ጆዋር» በዪ፤ ማሽላ ነው። «ራጊ» ካልሽ ዳጉሳ ይሰጡሻል። ሁለቱም ተፈጭተው በፌስታል ታሽገው ይሸጣሉ።

የሚያስፈልገው፦ 2 ብርጭቆ የማሽላ ዱቄት፣ 2 ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 5 ብርጭቆ ያህል ለብ ያለ ውሃ። ጠቆር እንዲልልሽ ከፈለግሽ ከማሽላው ግማሹን በዳጉሳ ቀይሪው።

ዱቄቱን ቀላቅለሽ እርሾውን ጨምሪ፤ ውሃውን ጥቂት በጥቂት እያደረግሽ ጓጉል እስኪጠፋ በእጅሽ እሺው። ከድነሽ አስቀምጪው። ማቀዝቀዣ አየር በሚነፍስበት ኩሽና ሁለት ቀን ይፈልጋል፤ በበጋ ሰገነት ላይ ከሆነ አንድ ቀንም ይበቃዋል፤ የደማም ሙቀት ሊጥ አይምርም። ባልዲው ከግማሽ በላይ አይሙላ፣ ይገነፍላል።

ላዩ ላይ የቋጠረውን ውሃ በቀስታ ድፊው። አሁን አብሲት ጣዪ፦ ከሊጡ 1 ብርጭቆ ወስደሽ በ2 ብርጭቆ ውሃ በጥብጪና እሳት ላይ እያማሰልሽ እንደ ቀጭን አጥሚት እስኪሆን አብስዪው። ለብ ሲል ወደ ሊጡ መልሺው። አብሲት ያልተጣለበት ሊጥ ዓይን አያወጣም፤ ብዙዎቻችን እዚህ ስንጋግር የሚበላሽብን ይህን ስለምንዘለው ነው። ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ኩፍ ሲል ለመጋገር ደርሷል።

የማይዝ መጥበሻ በደንብ አግዪ፤ ዘይት አትቀቢ። ከዳር ወደ መሀል አዙረሽ አፍሺው። ዓይኑ ሲወጣ ክደኚው፤ ዳሩ ሲነሳ አውጪው። አይገለበጥም። ትኩሱን በትኩስ ላይ አትደራርቢ፣ ይጣበቃል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ሊጡ ላይ አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ሮዝ ሻጋታ ካየሽ ላዩን ገፈሽ አትጠቀሚ። ሁሉንም ድፊው፣ ባልዲውን በፈላ ውሃ እጠቢና እንደገና ጀምሪ።

በርበሬ ሲያልቅ

ከአገር ቤት የመጣው በርበሬ አንድ ቀን ያልቃል። እስኪላክልሽ ድረስ ይህን ሞክሪ፦ 4 የሾርባ ማንኪያ ፓፕሪካ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሚያቃጥል ቀይ ዱቄት (እዚህ «ሸጣ» ይሉታል)፣ 1 የሻይ ማንኪያ የዝንጅብል ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ የነጭ ሽንኩርት ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ አብሽ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሄል፣ ቁንጥር ቁንዶ በርበሬ፣ ቁንጥር ቅርንፉድ። ደረቅ መጥበሻ ላይ በጣም በቀዘቀዘ እሳት 2 ደቂቃ አመስ አመስ አድርጊው። መስኮት ክፈቺ፤ የበርበሬ ጢስ ሕፃን ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ጠብ ያስነሳል። የእናትሽን በርበሬ አይተካም። ወጥ ግን ይሠራል።

ሽሮም እንደዚሁ ነው። የሕንዶቹ «በሰን» የሽምብራ ዱቄት ነው። 1 ብርጭቆ በሰን ደረቅ መጥበሻ ላይ እያማሰልሽ 10 ደቂቃ ያህል፣ ሽታው እስኪለወጥና መልኩ ሞቅ እስኪል ቁዪው። ሲቀዘቅዝ 1 የሾርባ ማንኪያ ከዚያ በርበሬና ትንሽ ጨው ቀላቅዪበት። ማሰሮ ውስጥ ሽንኩርት በዘይት አቁላልተሽ፣ ነጭ ሽንኩርት ጨምረሽ፣ 3 ብርጭቆ ውሃ አፍሺ። ሲፈላ 5 የሾርባ ማንኪያ ያህሉን እየነሰነስሽ አማስዪው። እሳቱን ቀንሰሽ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይንተክተክ፤ ሳይበስል የወረደ ሽሮ ሆድ ይነፋል።

ንጥር ቅቤ ካማረሽ የዚህ አገር «ሰምን» አስቀድሞ የነጠረ ነው። ሩብ ኪሎ ሰምን በቀዘቀዘ እሳት አቅልጠሽ፣ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ትንሽ እርድ፣ ትንሽ አብሽና ኮረሪማ ጨምሪበት። ኮረሪማን ዐረቦች «ሄል ሐበሺ»፣ የሐበሻ ሄል ይሉታል። ካጣሽ ተራውን ሄል ተጠቀሚ። 20 ደቂቃ ቆይቶ ሽንኩርቱ ሲጠወልግ አጥልዪው።

ድፎ ዳቦ በተምር

ይህን የተማርኩት ከዚያው ቤት ነው። አል አሕሳ፣ የአሮጊቷ አገር፣ በዘንባባ ብዛቷ ታዋቂ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። «ኸላስ» የሚባለው ተምርም የሷ ነው። እዚያ ተምር በሊጡ ገብቶ የሚጋገር ቀይ ዳቦ አለ፣ «ኹብዝ ሐሳዊ» ይሉታል፤ ላዩ ላይ ጥቁር አዝሙድ ይነሰነስበታል። አሮጊቷ ስለዚህ ዳቦ ሲያወሩ ሰምታ ነው ያቺ የወሎ ልጅ ድፎዋን በተምር ያቦካችው። እኔም ቤቴ ሄጄ ሞከርኩት።

የሚያስፈልገው፦ ግማሽ ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 2 የሻይ ማንኪያ እርሾ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ድንብላል፣ ፍሬው የወጣለት 10 ተምር፣ አንድ ብርጭቆ ተኩል ለብ ያለ ውሃ።

ተምሩን በውሃው ውስጥ ግማሽ ሰዓት ንከሪና በእጅሽ አፍርሺው፤ ልጣጩን በወንፊት አስቀሪ። ዱቄቱን፣ እርሾውን፣ ጨውንና ቅመሙን ቀላቅለሽ በዚያ የተምር ውሃ ለውሺ። መጨረሻ ላይ ዘይቱን ጨምሪ። ሊጡ ከእጅ የማይላቀቅ፣ ለስለስ ያለ ይሁን። ተሸፍኖ እጥፍ እስኪሆን፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይቆይ።

ለኮባው የሙዝ ቅጠል በሕንድ ሱቅ ይገኛል፤ እሳት ላይ አንዴ ካሳለፍሽው አይሰበርም። ካጣሽ የመጋገሪያ ወረቀት ይበቃል። ትሪው ላይ አንጥፈሽ ሊጡን ገልብጪ፣ ላዩን ሸፍኚ፣ ሌላ 20 ደቂቃ ይረፍ። ምድጃውን በ180 ዲግሪ አሙቀሽ 40 ደቂቃ ያህል ጋግሪ፤ መጨረሻ ላይ 10 ደቂቃ ሲቀረው ላዩን ግለጪው፣ ይቅላ። ሆዱን ስታንኳኪው ባዶ ድምፅ ከሰጠ በስሏል። ተምር ስላለው ቶሎ ይጠቁራልና ዓይንሽ አይለየው።

የኛና የነሱ ዘመዳሞች

እህቴ፣ አዲስ ቤት ገብተሽ የማታውቂው የምግብ ስም ሲጠራብሽ አትደንግጪ። ብዙዎቹ የምታውቂያቸው ናቸው፣ ሌላ ልብስ ለብሰው።

ጀሪሽ ሠርተሽ ታውቂያለሽ? እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የሳዑዲ የምግብ ጥበባት ኮሚሽን ብሔራዊ ምግብ ብሎ የሰየመው እሱን ነው። የተከካ ስንዴ ነው፤ ቅንጬ ማለት ነው። ልዩነቱ ለበን ወይም እርጎ ይገባበታል፣ እስኪላቁጥ ድረስ ረጅም ሰዓት ይበስላል፣ ላዩ ላይ በቅቤ የተቁላላ ሽንኩርትና ከሙን ይደረግበታል። ቅንጬ የሠራች ሴት ጀሪሽን በአንድ ቀን ትለምደዋለች። በዚያው ጊዜ ብሔራዊ ጣፋጭ የተባለው መቅሹሽ ደግሞ ትንንሽ የስንዴ ቂጣ ሆኖ በሰምንና በማር የሚቀርብ ነው፤ ጨጨብሳችንን አስታውሺ። ዐሲዳን ካየሽው ገንፎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ መዝገብ የገባው ሀሪስ ስንዴና ሥጋ አብሮ ተቀቅሎ እስኪዋሐድ የሚመታ ነው፤ ክንድ ይጠይቃል፣ አንቺ ደግሞ ገንፎ አገንፍተሻል።

ሰምቡሳንማ ማስተማር አያስፈልግም። ስሙም ከፋርስ የመጣ ሆኖ በነሱም በኛም አፍ ገብቷል። በረመዳን ማዳም በሥጋና በአይብ ታስሠራሻለች። አንድ ቀን ፈቅዳልሽ እንደሆነ የኛን የምስር ሰምቡሳ አቅርቢ፦ ድፍን ምስር ሳይፈርስ ቀቅለሽ አጥልዪ፤ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ከሙንና የድንብላል ቅጠል ጨምረሽ ውሃው እስኪደርቅ አመስ አድርጊው። ምስሩ እርጥብ ከሆነ ቂጣው ይቀደዳል። ለቂጣው «ረቃይቅ ሰምቡሳ» የሚባለው ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ጠርዙን በውሃ በተበጠበጠ ዱቄት አጣብቂ።

ቡናውም እንዲሁ። እነሱም «ቡን» ይሉታል። ግን ገና ሳይጠቁር ነጣ ብሎ ተቆልቶ፣ በሄል ተፈልቶ፣ ያለ ስኳር ከተምር ጋር ይቀዳል። ፊንጃሉን አትሙዪ። በኛ አገር ጎደሎ ስኒ ያሳፍራል፤ በነሱ ዘንድ ግን ሞልቶ የተቀዳ ፊንጃል «ጠጣና ሂድ» የተባለ ይመስላል። ጥቂት በጥቂት ይቀዳል፣ እንግዳው ፊንጃሉን ሲያወዛውዝ በቃኝ ማለቱ ነው።

ከብሳን ወደ አገር ቤት

ዶሮ ወጥ የምትሠራ ሴት ከብሳ ላይ የምትሳሳተው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛ፣ እኛ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አድርቀን እንጀምራለን፤ ከብሳ በዘይት ይጀምራል። ሁለተኛ፣ እኛ እጃችን ማማሰል ለምዷል፤ ከብሳ ሩዙ ከገባ በኋላ አይነካም።

ለ6 ሰው፦ 1 ተገንጥሎ የታጠበ ዶሮ፣ 3 ብርጭቆ ባስማቲ ሩዝ፣ 2 ሽንኩርት፣ 3 ቲማቲም፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 2 ደረቅ ሎሚ («ሉሚ» የሚሉት ጥቁሩ)፣ 5 ሄል፣ 4 ቅርንፉድ፣ 1 ስባሪ ቀረፋ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የከብሳ ቅመም፣ ጨው።

ሩዙን አጥበሽ ግማሽ ሰዓት ንከሪው። ሽንኩርቱን በዘይት ወርቅ እስኪመስል አቁላዪ፤ ድፍን ቅመሞቹን ጣል አድርጊ፤ ዶሮውን ጨምረሽ መልኩ እስኪለወጥ አገላብጪው። ቲማቲሙ፣ ድልሁ፣ የተበሳው ደረቅ ሎሚና የከብሳው ቅመም ይከተላሉ። 6 ብርጭቆ ውሃ አፍሰሽ 35 ደቂቃ ይብሰል። ዶሮውን አውጥተሽ ምድጃ ውስጥ አቅዪው። መረቁን በብርጭቆ ለኪ፦ ለ1 ብርጭቆ ሩዝ 1 ተኩል መረቅ፣ ማለትም 4 ብርጭቆ ተኩል። ሩዙን ጨምረሽ መረቁ ሲመጥጥ እሳቱን እስከ መጨረሻው ቀንሺ፣ ክደኚ፣ 20 ደቂቃ ተዪው። አትክፈቺ፣ አታማስዪ።

እዚህ ያሉትን ቅመሞች አብዛኛውን አገር ቤት ታገኚያቸዋለሽ። ጥቁሩን ደረቅ ሎሚና የከብሳውን ቅመም ግን ስትመለሺ ያዢ።

የሚያሳስቱ ቃላት

ብዙውን የቅመም ስም ሳታውቂው ታውቂዋለሽ፤ ዝንጅብል «ዘንጀቢል»፣ ቅርንፉድ «ቁሩንፉል»፣ ቀረፋ «ቂርፋ»፣ ከሙን «ከሙን»፣ ሄል «ሄል» ነው። አብሽ «ሑልባ»፣ ድንብላል «ኩዝበራ»፣ እርድ «ኩርኩም»፣ ጥቁር አዝሙድ «ሐባ ሶዳ» ይባላል።

ወጥመድ የሆኑት ግን እነዚህ ናቸው። «ዐይሽ» በግብፆች አፍ ዳቦ ነው፤ እዚህ በምሥራቁ ጠረፍ ያሉ አዛውንቶች ግን ሩዝ ማለታቸው ነው። ከግብፅ ተከታታይ ፊልም ዐረብኛ የተማርሽ ከሆነ ሩዝ ስትጠየቂ ዳቦ ይዘሽ ትሄጃለሽ። «ለበን» እዚህ የሚጠጣው አሬራ መሳይ ነው፤ ወተት ስትፈልጊ «ሐሊብ» በዪ። «ሓር» ሁለት ትርጉም አለው፣ ትኩስም የሚያቃጥልም ነው። ማዳም «ሓር!» ብላ ሳህኑን ከመለሰች ማቀዝቀዝ አይበቃም፣ በርበሬው በዝቶ እንደሆነ ጠይቂ። «ኸል» ደግሞ ኮምጣጤ ነው።

ሦስት ጥንቃቄዎች

የመጀመሪያው ለሌላ ሰው አዲስ ምግብ ከማቅመስሽ በፊት «ዒንደኩም ሐሳሲያ?» ብለሽ ጠይቂ፤ ምግብ የማይስማማው ሰው አለ ወይ ማለት ነው። ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ እንቁላል የሚያሳብጠው ልጅ አለ። በተለይ ለሕፃን፣ ለእኛ መድኃኒት የሆነውን አብሽም ሆነ ጤና አዳም፣ እናቱ ሳታውቅ ጠብታም አትስጪ። በመልካም ልብ የተሰጠ ነገር ልጁ ካመመው የክስ ወረቀት ይሆናል።

ሁለተኛው፣ እጅሽ ጣፋጭ ሲሆን «ለኛም ጋግሪልን፣ እንከፍልሻለን» የሚልሽ አይጠፋም። ኢቃማሽ ከተመዘገብሽበት ቤት ውጭ ለሌላ ሰው መሥራትና መሸጥ ሕግ መተላለፍ ነው፤ ለጥቂት ሪያል ብለሽ መኖሪያሽን አደጋ ላይ አትጣዪ። ሙያሽን በሕጋዊ መንገድ ማሳደግ ይቻላል። በሙሳነድ መድረክ ላይ የቤት ውስጥ ምግብ አብሳይ ራሱን የቻለ የሥራ ዓይነት ነው። አዲስ ውል ስትፈርሚ ምን ምን ማብሰል እንደምትችዪ አስመዝግቢ፣ በደመወዙም ላይ ተነጋገሪበት።

ሦስተኛው ጊዜሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ ላይ የዋለው የቤት ሠራተኞች ደንብ በሳምንት ተከታታይ 24 ሰዓት፣ ደመወዝ የማይቆረጥበት ዕረፍት ይሰጥሻል። እንጀራ መጋገርም ዕረፍት ይፈልጋል። «አርብ ለራሴ ልጋግር» ማለት ልመና አይደለም።

ደብተር ያዢ

በመጨረሻ አንድ ነገር ልለምንሽ። ትንሽ ደብተር ግዢ። የምታበስዪውን ሁሉ በአማርኛ ጻፊው፤ የዐረብኛውን ስም በራሳችን ፊደል፣ እንደሰማሽው አድርገሽ። «ትንሽ ጨው» ብለሽ አትለፊው፣ ሁልጊዜ በአንድ ማንኪያና በአንድ ብርጭቆ ለክተሽ ቁጥሩን ጻፊ። ዓይን መጠኑን የሚያውቀው እዚህ ኩሽና ውስጥ ነው፤ ማሰሮው ሲቀየር ይረሳል። ደብተርሽን ግን ይዘሽው ትሄጃለሽ።

ያቺ የወሎ ልጅ ደብተር ይዛለች። ባለፈው ሳያት አሳየችኝ። ከፊት በኩል ከብሳ፣ ጀሪሽ፣ የአሮጊቷ የተምር ዳቦ ተጽፏል። ከኋላ በኩል ገልብጣ የጀመረችው ደግሞ እናቷ በስልክ ያስጻፏት ነው፦ የዶሮ ወጥ፣ የአብሲት አጣጣል፣ የዳቦ ቅመም። «እዚያ እያለሁ እኮ እማዬ ስትጋግር አላይም ነበር፣ ሸሽቼ ነው የምወጣው» አለችኝ። አሁን እናቷ ኮምቦልቻ ሆነው ከብሳ እንዴት እንደሚሠራ ይጠይቋታል፤ ሩዙ ሁልጊዜ እየቦካባቸው።

«አታማስዪው በያት» አልኳት።

«ነግሬያት ነበር፣ እጇ እንቢ አለ» ብላ ሳቀች።

የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሌላ ነገር የለም፤ በትልቁ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት አንዲት ቃል ብቻ ተጽፋለች። ኸሚራ።